አያቴ የወለዱ ሰሞን

አያቴ ሊወልዱ ሆስፒታል የገቡት እኔ አንደኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ወንድ አያቴ ማለቴ ነው፤ የእናቴ አባት፣ ጢማሙ አናጺ። እንደምትስቁ አውቃለሁ፤ ያኔም ብዙ ተስቆብኛል። ግን እስቲ በኔ ቦታ ሁኑና ፍረዱ። ሆዳቸው ገፋ። እናቴ ልብሳቸውን በሻንጣ ሸከፈች። ወላዶች ክፍል ተኙ። ቤት ሲመለሱ ሆዳቸው የለም። ሌላ ምን ልበል?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሆስፒታሉ ልጀምር።

የሰፈራችን ሆስፒታል የተጀመረው በበር ነው። በመሠረት ድንጋይ አላልኩም፤ በበር። እኔ ከመወለዴ ከብዙ ዓመት በፊት፣ አያቴ ከገበያው በላይ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ ባለ ሁለት ተከፋች የእንጨት በር ከነመቃኑ ተከሉ። ግድግዳ የለው፣ ጣሪያ የለው፣ እንዲሁ በር። ሰው ከብቦ "ምንድን ነው?" ሲላቸው "ሆስፒታል ነው" ብለው መዶሻቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሰፈሩ ለብዙ ጊዜ ሌላ ጨዋታ አላስፈለገውም። ጎረምሶች ሲያልፉ እያንኳኩ "ዶክተር አሉ?" ይላሉ። አንድ ሰካራም "በሩን ቆለፉብኝ" ብሎ ውጭ አደረ አሉ፤ በየትኛው በኩል ያለው ውጭ እንደሆነ ግን እሱም አያውቀው። አያቴ ለማንም መልስ አይሰጡም። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ሄደው ማጠፊያውን ዘይት ይቀቡታል፣ እርጥበት ያሳበጠውን ጠርዝ በመላጊያ ይልጉታል፣ ይመለሳሉ። በመጨረሻ አላስችል ያለው ግንበኛውን ነው። "በዚያ ባለፍኩ ቁጥር በሩ የሚሰድበኝ ይመስለኛል፤ የጎደለው የኔ ሥራ ነው" ብሎ አንድ ቀን ድንጋይ አስጭኖ መጣ። ግንበኛው ከጀመረ ቆርቆሮ የሚመታው ምን ብሎ ይቀመጥ? ቀለም ቀቢውስ? እንዲህ እንዲህ እያለ በሩን ተከትሎ ቤት መጣ። ቤቱ እየሰፋ ሲሄድ "ይህ በር የወላዶች ክፍል በር ይሁን" ያሉት አያቴ ናቸው። ለምን እንደሆነ የጠየቃቸው የለም፤ የሚያውቀው ያውቃል፣ የማያውቀው የአናጺ አመል ነው ብሎ ያልፋል።

ጤና ቢሮው "ሐኪምና ነርስ እመድባለሁ፣ አልጋ ግን ራሳችሁ ፈልጉ" ሲል ደግሞ ከየቤቱ አልጋ ወጣ። ሁለት አልጋ አይመሳሰልም። የዳቦ ጋጋሪው አልጋ ከመሀሉ ጎድጉዷል፤ ሰውየው ወፍራም ነዋ። የመምህሩ አልጋ ከማጠሩ የተነሳ ረጅም በሽተኛ የተኛበት እንደሆነ እግሩን ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ነርሶቹ አልጋን በቁጥር ጠርተው አያውቁም፤ "የመምህሩ አልጋ ትኩሳቱ በረደለት"፣ "ለዳቦ ጋጋሪው አልጋ መርፌውን ውጊልኝ" ነው የሚባባሉት። በምረቃው ዕለትም ሕዝቡ እጁን አውጥቶ አንድ ደንብ አጸደቀ፤ አልጋ የሰጠ ሰው ሲታመም በራሱ አልጋ የመተኛት መብት አለው። ሌላውን ደንብ ሁሉ ሰው ረስቶታል፤ ይህን ግን እንደ ርስት ነው የያዘው።

ግንበኛውና ዳቦ ጋጋሪው በአጥር ወሰን ተጣልተው ተዘጋግተው ነበር። ታዲያ ግንበኛው ከመሰላል ወድቆ እግሩ ሲሰበር ክፍት የተገኘው አልጋ የዳቦ ጋጋሪው ብቻ ሆነ። "መሬት ላይ አንጥፉልኝ" አለ፤ እልህ ምላጭ ያስውጣል። ዳቦ ጋጋሪው ይህን ሰምቶ መጣና በር ላይ ቆሞ ለነርሷ "ንገሪው፤ የተጣላሁት እኔ ነኝ እንጂ አልጋዬ አይደለም" አለ። ግንበኛው ተኛ። ድኖ ሲወጣም አልታረቁም፤ ግን የጎደጎደውን ፍራሽ አስሞልቶለት ነው የሄደው።

የአያቴ አልጋ ወላዶች ክፍል፣ መስኮቱ ሥር ነበረች። ሰፊ፣ ከጠንካራ እንጨት የተሠራች፣ ራስጌዋ ላይ ሁለት ወፎች ፊት ለፊት የተቀረጹባት። እኔም የተወለድኩት እሷ ላይ ነው። አያቴ ለሆስፒታሉ ከሰጧት በኋላ ለራሳቸው ሌላ አልሠሩም። ቀኑን ሙሉ ለሰው አልጋ ሲሠሩ ይውሉና ሲመሽ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግተው ይተኛሉ። እናቴ "አባዬ፣ ለራስዎም አንዲት አልጋ ቢሠሩ ምን ይላሉ?" ስትላቸው "መሬት ላይ የተኛ ሰው አይወድቅም" ይሏታል።

እሑድ እሑድ አልጋቸውን ሊጠይቁ ይሄዳሉ፤ እኔም ካቻቢቴውን ይዤ እከተላለሁ። ተንበርክከው እግሮቿን በመዶሻው እጀታ ኳ ኳ ያደርጋሉ፣ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ይለጥፋሉ፣ የላላ ብሎን ያጠብቃሉ። የተኛችው ወላድ ቀና ብላ "ምን ጠፋብዎት አባቴ?" ስትል "ምንም፤ አንቺ ተኚ" ይሏታል። ከዚያ የነርሶቹን አለቃ ይፈልጋሉ። ሰፈሩ ጄኔራሏ ነው የሚላት፤ እሷ ስታልፍ በሽተኛው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ቀጥ የሚል ይመስለኝ ነበር።

"ያለፈው እሑድ የነበረችው የት ሄደች?" ይሏታል አያቴ።

"ወጣች።"

"በእግሯ?"

"በእግሯ። ያውም በሁለቱም።"

ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይፈታል። ወደ ቤት ስንመለስ ከረሜላ ይገዙልኛል። በየሳምንቱ ያው ጥያቄ፣ ያው መልስ፣ ያው ከረሜላ።

እኔ ደግሞ ነገሩ ገብቶኛል ባይ ነበርኩ። አያቴ አልጋዋን በመስጠታቸው ቆጭቷቸዋል። "በእግሯ ነው የወጣችው?" የሚሉት ከነአልጋዋ ተሸክመዋት ሄደው እንደሆነ ለማጣራት ነው። በእግሯ ከወጣች አልጋዋ አለች፤ ተሸክመዋት ከወጡ ግን አልጋዋም አብራ ሄደች ማለት ነዋ! ስስታም አያት ስላለኝ ትንሽ አፍር ነበር። ከረሜላውን ግን እቀበላለሁ።

የሆዳቸው ነገር የመጣው ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ባረገዘችበት ወራት ነው። ሁለቱንም በቅርብ እከታተል ነበር። እሷ ወገቧን ይዛ ትነሳለች፤ እሳቸውም ይዘው ይነሳሉ። እሷ ስትቀመጥ "እፎይ!" ትላለች፤ እሳቸውም ይላሉ። እሷ ምግብ ሲቀርብ ፊቷን ታዞራለች፤ እሳቸውም ያዞራሉ። እሷ ቀሚሷን አስፍታ ሰፋች፤ እሳቸው በዚያ ሙቀት ካፖርት መልበስ ጀመሩ። እሷ ቤት በሩ ሥር የተሸከፈ ሻንጣ ተቀመጠ፤ እኛም ቤት ተቀመጠ። ልዩነታቸው ጢሙ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ልብስ ሰፊዋ እኛ ቤት መጥታ ከእናቴ ጋር ሲያወሩ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ።

"ሐኪሙ ከዛሬ ነገ ሳይሉ ይግቡ ብሏቸዋል" አለች እናቴ። "እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ሆስፒታሉን ያቆመ ሰው፣ ሆስፒታል አልተኛም ይላል?"

"ፈርተው ይሆን?"

"ቢላዋውን አይፈሩም። የሚፈሩትን አንቺም ታውቂዋለሽ።"

"ታዲያ በግድ ነዋ!"

"ማን? እሳቸውን?" አለች እናቴ። "እናት ሳላውቅ አደግኩ። አሁን ደግሞ አባቴን በእልህ ልጣ?"

እናቴ ስታለቅስ ልብስ ሰፊዋም ተከተለች። እኔ ግን ለአያቴ ነበር ያዘንኩት። አፍረው ነው አልኩ በልቤ። ወንድ ሆኖ ከሴቶች መሀል ተኝቶ መውለድ ማንን አያሳፍርም?

ቡአ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ግንድ ሲያነሱ የሆዳቸው ሥጋ ሳስቶ፣ አንጀታቸው በእምብርታቸው በኩል ወጥቶ ቆዳቸው ሥር ኳስ አክሎ ተቀምጧል። ሐኪሙ ለእናቴ "አንድ ቀን እዚያው ይታነቃል፤ ያኔ ካልቀደድናቸው ሌላ ቀን አይኖራቸውም" ብሏታል። ይህን ሰፈሩ በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ከኔ በቀር።

የታነቀው በጠራራ ፀሐይ ነው። በዚያ ሳምንት አያቴ ያንን ሆዳቸውን በካፖርት ሸፍነው የሆስፒታሉን የወንዶች ክፍል ኮርኒስ እያፈረሱ ይጠግኑ ነበር፤ ወንዶቹ በሽተኞች ፍራሻቸውን ይዘው ኮሪደር ላይ ሰፍረዋል። አያቴ ሳንቃ ሊቆርጡ ወደ ቤት መጥተው ኖሯል። ከትምህርት ቤት ስመለስ እንጨት በሚሠሩበት ክፍል ሰጋቱራው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል፣ ላባቸው በጢማቸው ይንጠባጠባል፣ ጥርሳቸውን ነክሰው ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ወደ ውጭ ሮጥኩና ባለኝ ድምፅ ሁሉ "አባባን ምጥ ያዛቸው!" ብዬ ጮህኩ።

ማንም አልሳቀም። ዳቦ ጋጋሪው ከነዱቄቱ፣ ግንበኛው ከነሲሚንቶው፣ ከሁለት አቅጣጫ ደረሱ። አያቴን የዳቦ ጋጋሪው የእጅ ጋሪ ላይ አጋደሟቸው። ዳቦ ጋጋሪው ከፊት ይስባል፣ ግንበኛው ከኋላ ይገፋል፣ እኔ ከጎን እሮጣለሁ። ችግሩ፣ ሁለቱ አይነጋገሩም።

"ንገሪው፣ ጉድጓድ አለ! ወደ ቀኝ!" ይለኛል ግንበኛው።

"ጋሼ፣ ጉድጓድ አለ፣ ወደ ቀኝ ይላሉ!"

"ዓይን አለኝ በይው!"

"ጋሼ፣ ዓይን አለኝ ይላሉ!"

"ዓይን ካለው ምነው ድንጋዩን አላየም በይው!"

"ልጄን አታድርቁብኝ!" አሉ አያቴ ከጋሪው ላይ፤ ከዚያ ወዲያ ግን ማቃሰት እንጂ ቃል አልወጣቸውም።

ኮሪደር ላይ የሰፈሩትን በሽተኞች አልፈን በቀጥታ ወላዶች ክፍል። ማንም ቆም ብሎ አላሰበም። ሰው የሚተኛው በራሱ አልጋ ነው፤ የአያቴ አልጋ ያለችው እዚያ ነው፤ በቃ። ከውስጥ የልብስ ሰፊዋ ጩኸት ይሰማል፤ ለካ እሷም ጧት ገብታ ኖሯል። ጄኔራሏ እጇን ዘርግታ በሩን ዘጋችው።

"ወዴት? ወዴት? ወንድ ይዛችሁ!"

"አልጋቸው እዚህ ነው!" አሉ ዳቦ ጋጋሪውና ግንበኛው እኩል። እኩል መናገራቸውን ሲያውቁ ሁለቱም ፊታቸውን አዞሩ።

"የወንዶች ክፍል..." አለችና ጄኔራሏ አቆመች። የወንዶች ክፍል ኮርኒስ የለውም። አያቴ ራሳቸው አፍርሰውታል።

ሐኪሙ እየሮጠ መጥቶ ሆዳቸውን ዳሰሰ። "አሁኑኑ ኦፕራሲዮን!" አለ። "ከዚያ ግን ንጹሕ አልጋ እፈልጋለሁ። ቁስል ይዘው ኮሪደሩ አቧራ ላይ አይተኙም።"

"የራሳቸው አልጋ ክፍት ነው" አለች ጄኔራሏ። "በመጋረጃ እጋርድላቸዋለሁ።"

ያን ጊዜ አያቴ ከጋሪው ላይ እጃቸውን ዘርግተው የበሩን መቃን፣ ያን ራሳቸው የሠሩትን መቃን፣ አፈፍ አድርገው ያዙ። "እዚያች አልጋ ላይ አልተኛም" አሉ። "ወደ ቤቴ መልሱኝ።"

"ይሞታሉ!" አለ ሐኪሙ።

"ልሙት። እዚያች ላይ አልተኛም።"

እናቴ ጫማዋን በእጇ እንደያዘች እየሮጠች ደረሰች። "አባዬ፣ በኔ ሞት! አባዬ፣ ስለ እናቴ ብለው!" አለቻቸው። የእናቷ ስም ሲነሳ አያቴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ መቃኑን ግን ይበልጥ አጠበቁት። ሐኪሙ ጣቶቻቸውን ሊያላቅቅ ሞከረ፤ ዕድሜውን በመላጊያ ያሳለፈ እጅ የት ይላቀቃል?

እኔ ግን የሚፈሩት ገብቶኛል። ከጋሪው ጎን በእግር ጣቴ ቆሜ በጆሯቸው፣ ሰው ሁሉ እየሰማኝ፣ "አባባ፣ ምንም አይሆኑም" አልኳቸው። "እዚያች አልጋ ላይ የተኙት ሁሉ በእግራቸው ነው የወጡት። በየእሑዱ ጠይቀን የለ?"

አያቴ ዓይናቸውን ገለጡና እኔን ሳይሆን ጄኔራሏን አዩ።

"ልጅቷ እውነቷን ነው" አለች ጄኔራሏ። ድምፅዋ እንደዚያ ቀጥኖ ሰምቼው አላውቅም። "አንዲት ሳትቀር።"

አያቴ መቃኑን ለቀቁት።

እናቴና እኔ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። እሷ ትጸልያለች፤ እኔ ወንድ ይሁን ሴት እያልኩ አስባለሁ። እንድገባ ሲፈቀድልኝ አያቴ አልጋቸው ላይ፣ ከሁለቱ ወፎች ሥር፣ ተኝተው ያንኮራፋሉ። መጋረጃው ተገልጧል፤ ማንም የተጨነቀበት የለም። ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ ልብስ ሰፊዋ ተኝታለች። በሁለቱ አልጋዎች መሀል ትንሽ የሕፃን አልጋ፣ በውስጧ ቀይ፣ የተጨማደደች፣ ትንሽ የተቆጣች ሕፃን።

የማን እንደሆነች ማጣራት ነበረብኝ። የልብስ ሰፊዋን ሆድ አየሁት፤ አሁንም ጉብ ብሏል። የአያቴን አየሁት፤ ጠፍጣፋ! ነገሩ አለቀ። አራስ ሆድ ወዲያው እንደማይሟሽሽ ያወቅኩት እኔው ራሴ ስወልድ ነው።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ "አያቴ ሴት ልጅ ተገላገሉ" አልኩ። መምህሩ ጠመኔው ከእጁ ወደቀበት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቶታል። ጠያቂው ሁሉ በሩ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ "እንኳን በሰላም ተገላገሉ!" ይላቸዋል። አያቴ ሆዳቸውን ይዘው "አታስቁኝ፣ ስፌቴ ይፈታል!" ይላሉ። ልብስ ሰፊዋማ "ማታ እኔ ላጥባ፣ ቀን እርስዎ ይያዙልኝ" ብላ ልጅቷን ታስታቅፋቸው ጀመር፤ ሕፃኗም ጢማቸውን ጨብጣ ትተኛለች። ዳቦ ጋጋሪው አይቷት "ጢሙን አለመውረሷ በጀ" ሲል ግንበኛው ሳይታወቀው ከት ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሁለቱም ደንግጠው ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አሉ። ሲወጡ ግን ዳቦ ጋጋሪው በሩን ይዞለት ጠበቀው።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ ራሴ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ፣ የአያቴ አልጋ ለቀኔ ትደርስልኝ እንደሆነ ጠይቄ የተመለስኩ ዕለት ነው እናቴ ያጫወተችኝ። እናቴም የተወለደችው እዚያችው አልጋ ላይ ነው፤ አልጋዋ ገና የአያቴና የሚስታቸው አልጋ ሳለች፣ እዚሁ ቤት ውስጥ። ሴት አያቴ ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም አለ። በአካባቢው ሆስፒታል አልነበረም። አያቴና ጎረቤቶቻቸው ሩቅ ወዳለ ሆስፒታል ሊያደርሷት ከነአልጋዋ ተሸክመዋት ወጡ። ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ዳር ላይ አሳርፈዋት ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ፣ እዚያው አልጋ ላይ፣ እጇ በአያቴ እጅ ውስጥ እንዳለ አረፈች። ከነአልጋዋ ተሸክመው መለሷት። አያቴ ከዚያ ቀን በኋላ ጎናቸውን አልጋ ላይ አላሳረፉም። ሐዘንተኛው ተበትኖ ሳያልቅ ወደ ሥራ ክፍላቸው ገብተው በር መሥራት ጀመሩ።

ስስታም አያት አልነበረኝም። በየእሑዱ የሚጠይቁት፣ በእግሯ ሳትወጣ የቀረችውን አንዲት ሴት ነበር። እኔ በተወለድኩ ጊዜም በሩ ላይ ቁጭ ብለው፣ እናቴ በእግሯ ወጥታ እስኪያዩ ድረስ እህል አልቀመሱም አሉ።

ከሆስፒታል የወጡበትን ቀን ዛሬም አየዋለሁ። ጄኔራሏ ባለጎማ ወንበር አስመጣች፤ አያቴ በዓይናቸው ብቻ መለሱት። መንበርከክ ስለተከለከሉ የአልጋዋን ራስጌ በጣታቸው ኳ ኳ አደረጉ፣ መዳፋቸውን ወፎቹ ላይ ትንሽ አቆዩ፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ወደ በሩ ተራመዱ። እናቴ ሻንጣውን፣ እኔ ካፖርታቸውን ይዘን ተከተልን። ጄኔራሏ በሩ ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆማለች።

"ለመሆኑ" አለች ኮስተር ብላ፣ "እዚያች አልጋ ላይ የነበረችው አራስ የት ሄደች?"

ወላዶቹ በሳቅ ፈነዱ። አያቴም ሳቁ።

"ወጣች" አሏት።

"በእግሯ?"

አያቴ እጃቸውን ዘርግተው መቃናቸውን ያዙ። ዞረው አልጋዋን አዩ፤ ብዙ አዩዋት። ጄኔራሏ እጇን ከወገቧ ላይ አወረደች። እናቴ ሻንጣውን አስቀምጣ ክንዳቸውን ደገፈች።

"በእግሯ" አሉ አያቴ፤ እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። "በእግሯ ወጣች።"

እኔ ያለቀሱበት ምክንያት ወዲያው ገባኝ። ልጃቸውን ለልብስ ሰፊዋ ትተው መሄዳቸው ነው። እጃቸውን ያዝኩና "አይዞዎት አባባ" አልኳቸው፤ "እሑድ መጥተን እናያታለን።"